ከሱብሒ በኋላ ወደ ኮረብታው

የምሮጠው ሐኪም አዞኝ አይደለም። ስኳር የለብኝም። ደም ግፊቴ ደህና ነው። ሐዘን ላይ አይደለሁም፤ ከባሌም ጋር አልተጣላሁም። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሦስት ልጅ የወለደችና ሱቅ ያላት ሴት በማለዳ ወደ ኮረብታ ስትሮጥ ያየ የድሬ ሰው ሁሉ ከእነዚህ አንዱን ሳይመርጥልኝ ስለማያልፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት፣ ችግኝ ተከላ ላይ ነው። የሰፈራችንን ነጋዴዎች በጭነት መኪና ጭነው ከከተማው በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብታዎች ወሰዱን። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ወደዚያ በእግሬ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ተራራ ለኛ ማገዶና ከሰል የሚመጣበት ቦታ ነው። ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ጎርፍ ይለቅብናል ብለን የምንፈራው ነገር ነው። ከታች ሆነው ሲያዩት ቡናማ፣ ራቁቱን የቆመ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ግራሩ፣ ቁልቋሉ፣ ቁርቁራው እየተጠጋጋ ይመጣል፤ በመሃሉ ፍየልና እንጨት ለቃሚ ያወጡት ቀጭን ቀጭን መንገድ ይሽሎከለካል።

ችግኙን ተክለን ሳንጨርስ ሰማዩ ተለወጠ። አንዱ "ኧረ ጎርፍ እንዳይዘጋብን!" ብሎ ጮኸ። መኪኖቹ የቆሙት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ስለነበር ሁሉም ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ እግሬ እኔ ሳላዘው ድንጋዩን እየመረጠ እንደሚረግጥ አየሁ። ነፋሱ ከሻሼ ሥር ገብቶ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። እሾህ እጅጌዬን ይዞ ቀደደው፤ አልቆምኩም። መኪናው ጋ ደርሼ ዞር ስል ሰዉ ገና ከላይ እየተንደረደረ ነው፣ ነጋዴው ሁሉ ቦርጩን ይዞ። ሳቄ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የምትሸጠው ሶማሌዋ ጎረቤቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከሁሉም መጨረሻ ደረሰች።

"አቦ! አንቺ፣ ምን አይተሽ ነው እንዲህ የበረርሽው?" አለችኝ እያለከለከች።

"ጎርፉን ነዋ።"

"የታለ ጎርፉ?"

ጎርፍ የለም። ዝናቡ ጥቂት ጠብታ ጥሎ ወደ ሐረር በኩል አለፈ። ሰዉ እየተሳሳቀ መኪና ላይ ወጣ። እኔ ወደ ኮረብታው ዞሬ ዞሬ አይ ነበር። አሁን ውጪና እንደገና ውረጂ የሚለኝ ሰው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

በሳምንቱ ሱብሒ ሰግጄ፣ ለልጆቹ ቁርስ አዘጋጅቼ፣ የትልቁን ልጄን ሸራ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። ሰፊ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ሻሼን ወደ ኋላ አጥብቄ አስሬ። ድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለሯጭ አታዝንም፤ ጎህ ሲቀድ መውጣት፣ ሙቀቱ ሳይጀምር መመለስ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኮረብታው ሥር እንደደረስኩ አስታወከኝ። ቁርቁራ ሥር ተቀምጬ አፌን ጠረግኩና በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱም ሄድኩ። አሁንም አቅለሸለሸኝ፤ ግን ከትናንትናዋ ዛፍ አልፌ ነበር።

ቀስ በቀስ መንገዶቹን ለየኋቸው። አንዱ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሄደው ነው። ለስላሳ ይመስላል እንጂ ባት ያቃጥላል። ሌላው ቁልቋሉ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል። እዚያ ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ፤ ሳልፍ አንዳቸውም አይነሱልኝም። ከሁሉም የምወደው ግን የኮረብታውን አናት ይዞ የሚሄደው ነው። "የግመል ጀርባ" ብዬዋለሁ። እዚያ ላይ ሲሮጡ በአንድ በኩል ከተማዋ ተዘርግታ ትታያለች፤ ሚናሬቶቹ፣ የባቡር ጣቢያው ዛፎች፣ ከሩቅ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጣሪያ ሲያብለጨልጭ። በሌላው በኩል ተራራው አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ወደ ደንገጎ ይወጣል።

ከግመል ጀርባ በታች ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ደን አለ። በአካባቢው ደህና ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ዓይኔ ገባበት። አንድ ቀን ጠዋት ልገባ ስል ጠባቂው፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው ከግራር ሥር ብቅ አሉ።

"ኢንተላ፣ ማልቱ ሲ አርአ?" አሉኝ በኦሮምኛ። ልጄ፣ ምን እያባረረሽ ነው ማለታቸው ነው።

"ምንም አያባርረኝም አባ። ዝም ብዬ ነው የምሮጠው።"

አላመኑኝም። በመጣሁበት በኩል አንገታቸውን አስግገው መንገዱን አዩ። "ሰው መቶሽ እንደሆነ ንገሪኝ። እዚህ ጋ ተደበቂ፣ እኔ አለሁ።"

"ማንም አልመታኝም።"

"እንግዲያው ውጪ። እዚህ ፍየል እንኳ አይገባም።"

"ፍየል ቅጠል ትበላለች። እኔ ቅጠል እበላለሁ?"

"የፍየሎቹም ባለቤት እንደዚሁ ነው የሚለኝ" አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ጠርዙን፣ የድንጋይ እርከኑን ይዤ እንድሮጥ ፈቀዱልኝ። "ችግኝ ረግጠሽ ካየሁ ግን ይህ ዱላ አያውቅሽም" አሉኝ። አንድም ቀን ረግጬ አላውቅም።

ከተማው ውስጥ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያሳልፍ አልተገኘም። የባጃጅ ሾፌሮች ስመለስ ሲያዩኝ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ከጎኔ ይነዳሉ። "እናት፣ ሁርሶ ወታደር ቤት ልትገቢ ነው እንዴ? ስልጠናው መቼ ያልቃል?" ይላሉ። ሱቅ የመጣች ደንበኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ስኳር ነው አይደል? የኔም እህት እንደዚሁ ጀምሯት ነበር" ትለኛለች። ጂን ነው ያለም አለ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ "ደስ ስለሚለኝ ነው" እላለሁ። ይህን ስል የሰዎቹን ፊት ብታዩት! ነውር የተናገርኩ ያህል ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ብታመም ኖሮ ማር ይዘው ይመጡልኝ ነበር።

ጎረቤቴም መጀመሪያ ከሚስቁት አንዷ ነበረች። አንድ ቀን በማለዳ በሬን ስከፍት ከምትሸጠው ዕቃ መርጣ አዲስ ስፖርት ጫማ ተጫምታ ቆማለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ብቻሽን ሄደሽ ጅብ ቢበላሽ፣ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?" አለች። "እኔ አልሮጥም። እራመዳለሁ። አንቺ እየሮጥሽ እየተመለስሽ ጠብቂኝ።"

እንደዚያ ስንሄድ ከርመን አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ሰውነቷ ገፋትና ሮጠች። ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ዳገቱን በሶማሊኛ እየተራገመች ትወጣለች፤ ቁልቁለቱን እየዘፈነች ትወርዳለች። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጆቿ አድገዋል፤ የሚጠይቃት የለም። የሚጠየቀው የኔ ባል ነው።

ባሌ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። ከወሩ ግማሹን ቤት የለም። ስለ ሩጫዬ አስቀድሜ ነግሬው "እስቲ ይሁን" ብሎኝ ነበር፤ ተወት የማደርገው መስሎት ይመስለኛል። በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቅሙ፣ ጓደኞቹ ያነሱበት ቀን ግን አኩርፎ ገባ።

"ሰዎች እየጠየቁኝ ነው" አለ። "ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን።"

"እውነቱ ምንድነው?"

"ደስ ይለኛል።"

"እሱን ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? አቦ፣ ሐኪም አዟት ነው ልበልና ይለቅ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ጅግጅጋ ድረስ ብትሮጪ የሚጠይቅሽ የለም።"

እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል ናት። አስቤበታለሁ። ግን ያቺን ቃል ካልኩ ወዲያ የምሮጠው እኔ መሆኔ ይቀራል፤ የምትሮጠው አንዲት በሽተኛ ናት። "ተሻለሽ?" ሲሉኝ ቁጭ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ጎረቤቴስ? ነገ ልጄ እኔም ልሩጥ ብትለኝስ? ሁላችንም መጀመሪያ መታመም አለብን?

"አይሆንም" አልኩት። "እንደዚያ ብለህ እንዳትናገርብኝ።"

"ግትር" አለ።

"አዎ።"

ነገሩን አባቴ ቤት ያደረሰችው የባሌ ታላቅ እህት ናት። ልጆቼ በኦሮምኛ አዳዳ ይሏታል፣ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኔም በዚያው እጠራታለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። ሁለተኛ ልጄን አምጬ በጭንቅ ስወልድ እጄን ይዛ ያደረችው እሷ ናት። ብቻ፣ ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አስጠሩኝ። አባቴ በድሮው ባቡር የሠራ፣ ጡረታ ከወጣ የቆየ ሰው ነው። ኮፍያውን አድርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አዳዳ አጠገቡ አለች፤ ባሌ በሩ ጋ ስልኩን እያገላበጠ ነው፤ አንድ በመስጊድ የምናውቃቸው ትልቅ ሰው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳያቸው ነገሩ ገባኝ።

ትልቁ ሰው ናቸው የጀመሩት። "ልጄ፣ ማንም ሊያስቀይምሽ አልተሰበሰበም። ግን ባለትዳር ነሽ። በማለዳ ጫካ ለጫካ መሮጥ ምን ይሉታል?"

"ሩጫ ይሉታል" አልኩ።

አዳዳ ቶሎ ገባች። "እኔ የምለው፣ እንድትሮጥ የሆነችበት ምክንያት ካለ ይታወቅ ነው። የሐኪም ወረቀት ባይኖርም ሐኪም አዟት ነው እንበል፤ እኔ ራሴ ለሰፈሩ እናገራለሁ። ማን ይጠይቀኛል? ያኔ ሁሉም ዱዓ ያደርግላታል።"

"አልታመምኩም አዳዳ።"

"እሱን ማን ያውቃል!"

"እኔ አውቃለሁ።"

አባቴ እስከዚህ ድረስ አልተናገረም። ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ፣ ለምን ትሮጫለሽ?" አለኝ።

የድሬ ልጅ ነኝና አባቴን አንተ ነው የምለው፤ ያን ቀን ግን ምላሴ አንቱ ሊል ምንም አልቀረው። ፈርቼ ነበር። "አባ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ግመል ጀርባ ላይ ስደርስ ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌ ላምጣልህም አልችልም። ሱብሒ አልፎኝ ያውቃል? ልጆቼ ቁርስ ሳይበሉ ወጥተዋል? ሱቄ ተዘግቶ የተመለሰ ሰው አለ? ካለ አሁን ንገሩኝና ዛሬውኑ ላቁም።"

ማንም አልመለሰም። ትልቁ ሰው ጢማቸውን አሻሹ። አባቴ "ዝም ማለቴ ፈቀድኩልሽ ማለት አይደለም" አለ።

"ፈቃድ አልጠየቅኩም አባ" አልኩ።

ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አዳዳ በእጇ አፏን ያዘች። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኔም ተነስቼ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ "ዛሬም?" አለችኝ።

"ዛሬማ በተለይ።"

አባቴ ከዚያ ወዲህ ለሰላምታዬ "ወአለይኩም ሰላም" ከማለት ሌላ ቃል አልጨመረልኝም። ልጆቼን ያጫውታል፣ ከባሌ ጋር ስለ መኪና ያወራል፣ እኔ ስገባ ዝም ይላል። ይህ አላመመኝም ብል ዋሸሁ። በዒድ ቀን ያቀረብኩለትን ምግብ በላ፤ ግን ሁልጊዜ የሚለኝን "እጅሽ ይባረክ" ሳይለኝ ተነሳ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱም ሮጥኩ።

ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው ነገር ደረሰ። ዝናብ ጥሎ ባደረበት ጠዋት ከግመል ጀርባ ስንወርድ የረገጥኩት ድንጋይ ተንከባለለ። ቁርጭምጭሚቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጎረቤቴ ከላይ እየዘፈነች ስትመጣ እኔ ቁልቋል ሥር ተቀምጬ እግሬን ይዣለሁ።

"ተነሺ" አለች።

"አልችልም።"

እግሬን አየችው። ልትሸከመኝ ሞከረች፤ ሁለታችንም ወደቅን። ስልካችን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አይሠራም። በመጨረሻ ከላይ እንጨት በአህያ ጭነው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ደረሱልን። አልጠየቁንም፤ የአንዷን አህያ ጭነት ፈተው መንገድ ዳር ከመሩትና እኔን ጫኑኝ።

እንግዲህ አስቡት። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሱቅ ሁሉ ተከፍቷል፣ እኔ አህያ ላይ ሆኜ ገበያውን መሃል ለመሃል እያለፍኩ ነው። ባጃጆቹ ቆሙ። ሰዎች ከሱቃቸው ወጡ። ጎረቤቴ ከፊት ከፊት እየሄደች በሦስት ቋንቋ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ትላለች።

"ምን ሆና ነው?" ይላል ሰዉ።

"ሮጣ!" ትላለች ጎረቤቴ፣ በኩራት የምትናገር ትመስላለች።

መጀመሪያ ሻሼን ፊቴ ላይ ልስበው ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጄን መለስኩት። ምን ሰርቄ ተያዝኩ? ቀና ብዬ፣ ለማውቀው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠሁ አለፍኩ። እግሬ ግን እሳት ሆኖ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ነው ፈገግ ያልኩት።

ሆስፒታል ጄሶ አደረጉልኝ። አዳዳ ሾርባ ይዛ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ እያጎረሰችኝ "ይኸው" አለች። "ይኸው እንግዲህ።" ሌላ አልተናገረችም፤ ሾርባው እስኪያልቅ "ይኸው" ስትል ቆየች።

አባቴም ቤት ድረስ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እጁን ጄሶው ላይ አድርጎ ቁርአን ቀራበት። ሲጨርስ "አሁንስ?" አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያወጣልኝ ቃል ነው። እሺ ተውኩት ብለው እዚያው ይታረቀኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ማንም አይታዘበኝም ነበር፤ እግሯ ተሰብሮ ነው ይባላል፣ ያልቃል።

"ሲድንልኝ እቀጥላለሁ አባ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። "አንቺ ልጅ" አለ። "እናትሽም እንደዚሁ ነበረች። አንድ ጊዜ ከያዘች የማትለቅ።" ከዚያ ሻይ ስጡኝ አለና ስለ ድሮው ባቡር ሲያወራ ዋለ። አልፈቀደልኝም። እስከ ዛሬም አልፈቀደልኝም። ግን ያወራኛል።

እግሬ በጄሶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በርጫው እኛ ቤት ሆነ። የባሌ ጓደኞች ሳሎን ተሰብስበዋል፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መኝታ ቤት ተጋድሜያለሁ። የረሱኝ መሰለኝ። ከመሃላቸው አንዱ፣ ሁልጊዜ ድምፁ ከሁሉም የሚጎላው፣ "አየህ፣ አላህ ራሱ አስቆመልህ። እግሯ ባይሰበር አንተማ አቅቶህ ነበር" አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

የባሌን መልስ ጠበቅኩ።

"ማን አቆማት አለህ? ሲድንላት ትሮጣለች" አለ ባሌ።

"ለምንድነው ግን የምትሮጠው? እስከ ዛሬ አልነገርከንም።"

"ደስ ይላታል።"

"ደስ ይላታል ብሎ ነገር ምንድነው?"

"አንተ ይህን ቅጠል ከቀትር ጀምረህ ጉንጭህን ነፍተህ የምትቀመጠው ለምንድነው? ሐኪም አዞልህ ነው?"

አንድ ሰው ትን አለው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ፈነዱ፤ ያ ባለ ትልቅ ድምፁም ሳይቀር። እኔ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ እግሬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሲሄዱ ባሌ ገባና ውሃ አቀበለኝ። ሰማሁ አላልኩትም። ብቻ ብርጭቆውን ስመልስለት እጁን ያዝ አድርጌ ቆየሁ።

ጄሶው ሲወልቅ እግሬ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ወጣ። በወንዙ አሸዋ ላይ መራመድ ጀመርኩ። አሸዋ ያደክማል እንጂ አይጥልም። ጎረቤቴ አሁን ከኔ ትፈጥን ነበር፤ እየሮጠች እየተመለሰች የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች፣ ይህንንም በየቀኑ ታስታውሰኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሁለት እህትማማቾች ተቀላቀሉን። አህያ ላይ ሆኜ ሳልፍ አይተውኛል። "እንደዚያ ሆነሽ ስትስቂ አይተን፣ ይሄ ነገር ምን ቢጣፍጣት ነው ብለን ነው የመጣነው" አለችኝ ታላቂቱ። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ስለሚውሉ ወገባቸው ይይዛቸዋል፤ ኮረብታው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ወደ ኋላ ተለጥጠው ሰማይ ማየት ነው።

ደንገጎ እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በአስፋልቱ ሳይሆን በእግረኛው መንገድ፣ ወተትና እንጨት ሻጮች በሚወርዱበት። እህትማማቾቹ ፈረቃ በሌላቸው ቀን፣ ሱብሒ እንደተሰገደ፣ ውሃና ቴምር ይዘን ወጣን። አዳዳ ወሬው ደርሷት ከዋዜማው ደውላልኝ ነበር። "አሁን ደግሞ ተራራ?" አለች። "አዎ አዳዳ።" "የተሰበረው እግርሽስ?" "እሱም አብሮን ይሄዳል።" ስልኩን ዘጋችብኝ። ወዲያው መልሳ ደወለችና "ሹራብ ያዢ፣ እዚያ ይበርዳል" ብላ እንደገና ዘጋችው።

የግመል ጀርባን አልፈን ቁልቁል ገባን፣ ሸለቆውን ተሻገርን፣ ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ሮጥን ብዬ አልዋሽም፤ ግማሹን በእጃችን ጭምር ነው የወጣነው። ግራሩ እየሳሳ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። አንድ ቦታ ላይ የታመመው እግሬ ውስጡ መቆርጠም ሲጀምር ቆምኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ማንም "እንመለስ" አላለኝም። ታናሺቱ ቴምር ሰጠችኝ፣ ጎረቤቴ ወደ ዳገቱ ዞራ በሶማሊኛ ተራገመች፣ ቀጠልን። ከላይ ጭጋግ ውስጥ ገባን። ድሬ ተወልጄ በማለዳ ብርድ አንቀጥቅጦኝ አያውቅም፤ አዳዳ ያዢ ያለችኝን ሹራብ እዚያ ነው የለበስኩት። ጥዶቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ። መሬቱ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ጥዶቹ መሃል ሜዳ ሲሆን አራታችንም ያለ ማንም ትእዛዝ መሮጥ ጀመርን፣ አስፋልቱ እስኪመጣ ድረስ።

ደንገጎ ላይ አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ቅመም ያለው ሻይ ጠጣን። ጭቃችንን አይተው ሰዎች ተሰበሰቡ። ከድሬ በእግራችን ነው ስንላቸው አላመኑም። አንድ ወደ ድሬ የሚወርድ ሚኒባስ ቆመ፤ ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ "ድሬ! ድሬ!" ይላል። እኛን ሲያይ አዘነልን።

"ግቡ እናቶች። ለናንተ በነጻ ነው፣ ዋላሂ። በዚህ እግር እንዴት ትወርዳላችሁ?"

ጎረቤቴ ሚኒባሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ተስፋ ነበራት። "ምን ትያለሽ?" አለች።

"ቁልቁለት ነው" አልኳት። "አንቺ ቁልቁለት ላይ ትዘፍኚ የለ?"

ጫማዋን አጠበቀች። ረዳቱን "አንተ ወርደህ ጠብቀን" አለችው። ሰዉ ሳቀ፣ ረዳቱም ጭምር፤ ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ መጠምዘዣውን ይዞ ሄደ።

እኛ በጥዶቹ በኩል ገባን። መንገዱ አስፋልቱን እየቆረጠ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እግሬን አላመንኩትም፣ ግን ረገጥኩበት፤ ያዘኝ። እህትማማቾቹ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ከኋላዬ የጎረቤቴ ዘፈን። ጭጋጉ ከላያችን ቀረ፣ ሙቀቱ ከታች ሽቅብ መጣብን። ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ቆሞ ደረስንበት። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ አፉን ከፈተ። ከፊቱ አስፋልቱን ተሻግረን ወደ ቁልቋሉ ገባን።